ለሟች የተላከ ሃርድ ዲስክ

አውቶቡሱ ጉድጓድ በመታ ቁጥር በሜይጁ ቦርሳ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ይንኮሻኮሽ ነበር። ጥሬ ሩዝ በጣሳ ውስጥ ሲወዘወዝ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ሜይጁ ድምፁን በበጎ ተርጉማዋለች። ባዶ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ከጮኸ አንድ የተረፈ ነገር አለ ብላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች።

ከኪሉንግ ወደብ እስከ ታይፔ ዝናቡ ለአፍታ አላባራም። የኪሉንግ ሰው ዝናብን ከቁም ነገር አይቆጥርም። የዛሬው ግን የአውሎ ነፋሱ ጫፍ ነበር፤ ሹፌሩ የከፈተው ሬዲዮ ዋናው ነፋስ ሌሊቱን ከባሕር ወደ የብስ እንደሚወጣ ደጋግሞ ይናገራል። ተሳፋሪዎቹ የሚከራከሩት ነገ ሥራና ትምህርት ይዘጋል አይዘጋም በሚል ነው። አንዱ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ ባለፈው ዓመት አውሎ ነፋስ መጣ ተብሎ ሁሉም ሲዘጋ ፀሐይ ወጥታ ሲኒማ ቤት እንደዋለ እየተረከ ያስቃል። ሜይጁ አልሳቀችም። እሷ ከመምሸቱ በፊት ቁጥር ይዛ መመለስ አለባት።

ቁጥሩ የልጇ የአዌይ ነው። አዌይ ቀያሽ ነበር። በሥራ ቀን ለመንገድ ሥራ ድርጅቱ መሬት ይለካል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ማንም ሳያዘው ከቤታቸው ጀርባ ያለውን ግንብ ይለካል። የሚኖሩበት ባለ አምስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ከኮረብታ ሥር ተለጥፎ የተሠራ ሲሆን፣ ኮረብታውን ደግፎ የያዘው ያ የሲሚንቶ ግንብ ብቻ ነው። ግንቡ ላይ ውሃ የሚያስወጡ ቱቦዎች ተደርድረዋል። ዝናብ ሲጥል ቱቦዎቹ ቡናማ ውሃ ይተፋሉ፤ ነዋሪዎቹም «ዛሬም ግንቡ አለቀሰ» እየተባባሉ የምድር ቤቱን ኮሪደር ይወለውላሉ።

አዌይ ግንቡ እየተንቀሳቀሰ ነው ይል ነበር። በዓይን አይታይም፤ በመሣሪያ ግን ይታያል። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ስለሆነ የግንቡን ልኬት የሚያስቀምጠው በራሱ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ጥቂት ጊዜ ልለካና የማይካድ ነገር ይዤ ለሕንፃው ኮሚቴ እሰጣለሁ እንዳለ፣ አንድ ማለዳ ሞተር ሳይክሉ እርጥብ ኩርባ ላይ ተንሸራተተበትና በዚያው ቀረ።

በሰባተኛው ቀን የሟች ነፍስ ቤቷን ልታይ ትመለሳለችና ሜይጁ ለልጇ የሚቃጠል ዕቃ ልትገዛ ሄደች። የወረቀት ዕቃ ሻጩ ከወረቀት የተሠራ ቤት፣ ጫማና ማራገቢያ ሸጠላት። የወረቀት ሞተር ሳይክል ሲያሳያት ፊቷን አዞረች። የወረቀት ኮምፒውተሩን ግን ተቀብላ አገላበጠችው፤ ቁልፎቹ በቀለም የተሣሉ ናቸው። ውስጡ ባዶ የሆነ ኮምፒውተር ምን ያደርግለታል? ልጇ ሥራውን ሳይጨርስ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አልነበረም። ስለዚህ እውነተኛውን ሃርድ ዲስክ በወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሸጉጣ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። ነበልባሉ ሲወርድ፣ የአያቶች ፈቃድ የሚጠየቅባቸውን ሁለት የግማሽ ጨረቃ እንጨቶች ወርውራ «ደረሰህ ወይ?» አለችው። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ፤ አዎ ማለት ነው። እናት ናትና ደስ አላት። ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳት። ብረቱ ስላልነደደ ቀፎውን ከአመዱ ውስጥ አውጥታ በቀይ ጨርቅ ጠቀለለችና መሠዊያው መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።

ጣጣው የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቷ ሸክላ ከወለሉ ተነስቶ ብቅ አለ። ቀጥሎ የጓዳው በር አልገጥም አለ። ትናንት ደግሞ በጓዳው ግድግዳ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየችና ልቧ ፈራ። ወደ ኮሚቴው ሊቀመንበር ወደ ጂያን ወጣች። ጂያን ከጉምሩክ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ክፉ አይደለም፤ የአዌይን ሬሳ ሳጥን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ነገር ግን ስለ ግንቡ ወሬ በተነሳ ቁጥር የቤቱ ዋጋ ይወርዳል፣ ነዋሪውም ተሰብስቦ እሱ ላይ ይጮኻል።

«አንቺ ሜይጁ፣ ልጅሽ ለክቶ ከሆነ የለካውን አምጪልኝ» አላት። «ቁጥሩን ካየሁ በዚያው ሰዓት ሰዉን ሁሉ ራሴ አስወጣለሁ። በእናት ፍርሃት ግን ሽማግሌና ሕፃን በዚህ ዝናብ አላሰድድም።»

እሷም ቀዩን ጨርቅ ከመሳቢያው አወጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ተስፋ አልቆረጠችም።

ከተበላሸ ዲስክ መረጃ የሚያወጣው ሱቅ በታይፔ ኤሌክትሮኒክስ ገበያ ምድር ቤት ጥግ ላይ ነው። ባለቤቱ ቱ የሚባል ጎልማሳ፣ የምሳ ሣጥኑን አጋምሶ ነበር። በየማሽኑ አናት ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ተቀምጧል። ማሽኑ በጠባዩ እንዲያድር ነው። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫ ከሆነ ማሽኑ ያኮርፋል። አንስቶ የሚበላ ሰው የሚደርስበትን ራሱ ይወቀው። ጊዜው ያለፈበት ከሆነም ዋጋ የለውም። ሜይጁ ከመቀመጧ በፊት ከፊቷ ያለውን ከረጢት አገላብጣ አየች።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ጊዜው አልፎበታል» አለችው።

ቱ ደነገጠ። ከመደርደሪያው ሥር አዲስ አውጥቶ እየተካ፣ ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑ ምን እንደነካው ግራ ገብቶት እንደነበር ነገራት። ሁለቱም ፈገግ አሉ። ሜይጁ በዚያ ቀን ፈገግ ያለችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀዩን ጨርቅ ፈታችለት። ቱ የጠቆረውን ቀፎ ሳይነካው አጎንብሶ አየው። ቤት ተቃጥሎ ነው ወይ ሲላት አይደለም አለች። ታዲያ እንዴት እሳት ገባ ብሎ ጠየቃት።

«ለልጄ ልኬለት ነው» አለችው።

ቱ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ከተቀመጠበት ተነሳና ዕቃውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ማን በማን ይስቃል? እሱም ለማሽን ብስኩት የሚያቀርብ ሰው ነው። ወደ መብራቱ ሊያስጠጋው ሲያነሳው ግን ያ ድምፅ ተሰማ። እጁ ባለበት ቀረ። ዕቃውን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ጨርቁ ላይ መለሰው።

«ሰማኸው? ውስጡ የተረፈ ነገር አለ» አለች ሜይጁ።

ቱ ረጋ ብሎ ስለ እሳት ይነግራት ጀመር። እሳት ብቻውን አያስፈራም አላት፤ ከተቃጠለ ቢሮ የመጣ ዲስክ ከፍቶ አንብቧል፣ ባሕር ገብቶ የከረመም አንብቧል። የነደደው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ይለወጣል። የሚያነበው መርፌም ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ተወስዶ ይተካል። ዋናው ነገር ውስጥ ያሉት ክብ ሳህኖች ናቸው፤ ሁሉም ነገር የተጻፈው እነሱ ላይ ነውና። በትልልቆቹ ዲስኮች ውስጥ ሳህኖቹ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ናቸው። እንዲህ ባለችው ትንሿ ውስጥ ግን መስታወት ናቸው።

«እሳቱ ሳይበርድ ውሃ አፍስሰውበታል?» ሲል ጠየቃት።

«ኧረ ውሃ አላፈሰስኩም» አለች ቶሎ ብላ። «የሩዝ አረቄ ነው። ባዕድ መንፈስ እንዳይቀማው በእሳቱ ዙሪያ ረጨሁ። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ቀረ። አዌይ ሲደክመው አንድ ሁለት ይል ነበር። የቀረውን በላዩ ላይ አፈሰስኩለት።»

ቱ ዓይኑን ሰበረ። የጋለ መስታወት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ምን እንደሚሆን ለሽማግሌ ሴት ማስረዳት አያስፈልግም፤ በሕይወቷ ስንት ብርጭቆ አጥባለች። ሜይጁ የገዛ ቃሏን ከአፏ ሲወጣ ሰምታ ገባት።

ቢሆንም ክፈተው አለችው። ቱ አቧራ እንዳይገባ በተከለለ ንጹሕ ሳጥን ውስጥ እጁን አስገብቶ ብሎኖቹን ሲፈታ ከጎኑ ቆማ አየች። ክዳኑ ሲነሳ መሀል ላይ አንድ ቀለበት ብቻ ቀርቷል። ሌላው ሁሉ ደቅቆ ማዕዘኑ ላይ ተጠራቅሟል፤ አንዳንዱ ስባሪ አሁንም ብርሃን ይመልሳል።

«አይገጣጠምም?» አለች።

«አይገጣጠምም፣ አክስቴ።»

«ሌላ አገር ትልቅ ማሽን ያለው ሰው...»

«ገንዘብዎን የሚቀበል አያጡም። የጠፋውን የሚመልስ ግን የለም። ሳህኑ ቢቧጨር እሞክር ነበር። ይሄ ግን ዱቄት ሆኗል። ዛሬ ዋሽቼ ብሸኝዎት ማታ የሚተኙት በእኔ ውሸት ላይ ነው።»

ሜይጁ አላለቀሰችም። ልጇን ሁለተኛ ጊዜ የገደለችው መሰላት፤ አሁን ደግሞ በገዛ እጇ። ወንበሩን ስቦ ሲያስቀምጣት እንደ ሕፃን ታዘዘችው።

ቱ ነገሩን እንዲሁ አልተወውም። ሌላ ቦታ ቅጂ ይኖር እንደሆነ ጠየቃት። ድርጅቱ ኮምፒውተሩን ወስዶ አጥፍቶ ለሌላ ሠራተኛ ሰጥቶታል። ስልኳን ተቀብሎ አዌይ የላከላትን መልእክት ሁሉ አየ፤ የምሳ ፎቶ፣ የድመት ፎቶ፣ ዝናብ ልብስሽን እንዳትረሺ የሚል። ስለ ግንቡ አንድም ቃል የለም። ስልኩን መለሰላትና በአፉስ ምን ይልዎት ነበር አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው» አለች። «ኮሪደሩ ሲጥለቀለቅ እኔ ስማረር፣ ‹ሲያለቅስ አትፍሪ እማ፣ ዝም ሲል ነው የሚፈራው› ይለኝ ነበር። ቀልድ ይወዳል።»

ቱ ስብርባሪውን በጥጥ ሊጠቀልል የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። እሱ የማሽን ሰው ነው፤ ስለ መሬት አያውቅም። ግን ውሃ ወደ ኮረብታው ከገባ በአንድ በኩል መውጣት እንዳለበት፣ ካልወጣም ከግንቡ ጀርባ እንደሚጠራቀም ለማንም ግልጽ ነው።

«ዛሬ ጠዋት ከቤት ሲወጡ» አላት፣ «ያለቅስ ነበር?»

ሜይጁ በፊት በር ነው የወጣችው። ወደ ጀርባ አላየችም።

ወደ ኪሉንግ የሚመለሰው አውቶቡስ ጨርሶ የሚሄድ አልመሰላትም። ነገ ሥራና ትምህርት መዘጋቱ ታውጆ ተሳፋሪው ደስ ብሎታል፤ ኑድልና ሻማ ገዝቶ ጭኖ ይሳሳቃል። ሜይጁ ወደ መስኮቱ ዞራ ቱ የጠየቃትን ለራሷ ትመልስ ነበር። ትናንት ያለቅስ ነበር። ከትናንት በስቲያም ያለቅስ ነበር። ዛሬስ? ስብርባሪው አሁን በጥጥ ስለተጠቀለለ ቦርሳዋ ዝም ብሏል።

ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሮ የመሸ ይመስል ነበር። ጎረቤቷ ሱዩን በኮሪደሩ ላይ መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ፊቷ በርቷል።

«ነይ እይልኝ እስቲ» አለቻት። «ይሄ ሁሉ ዝናብ እየጣለ ኮሪደሬ ጠብታ የለበትም። ግንባችን ዛሬ እንባው አልቆበታል መሰለኝ።»

ሜይጁ ጃንጥላዋን ሳትከፍት ወደ ጀርባ ወጣች። ኮረብታው ላይ ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል። ዛፎቹ ወደ ሕንፃው ያዘነበሉ መሰላት፤ ምናልባትም ድሮም እንዲያ ነበሩ። ግንቡ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ቱቦዎቹ ሁሉ ደርቀዋል። አንዱ ብቻ የክር ያህል ጭቃ አወጣና እሱም ቆመ። መዳፏን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አይናገርም። በሕይወቷ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ ባሕር፣ ሐኪም፣ የማታ ስልክ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ግን አታውቅም።

ወደ ጂያን ወጣች። ጂያን የመስኮቱን መስታወት በማጣበቂያ ፕላስተር በመስቀል ቅርጽ እየለጠፈ ነበር። ቁጥሩ ተገኘ ወይ አላት። ጥጡን ፈትታ አሳየችው። ጂያን ስብርባሪውን አይቶ ቶሎ ፊቱን አዞረ፤ አንጀቱን በላው። ልጁ ያለውን፣ ቱቦዎቹም መድረቃቸውን ነገረችው።

«እህቴ» አላት፣ «ለሰዉ ምን ብዬ ልንገረው? ግንቡ ስላላለቀሰ ውጡ ልበል? ስንት ዘመን ደርቆ ባየነው ብለው ሲጸልዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የሦስተኛው ፎቅ ሽማግሌ በኦክስጂን ነው የሚተነፍሰው። ሌሊቱ ይለፍና ነገ መሐንዲስ እናስጠራለን።»

«ሌሊቱ ባያልፍስ?»

ጂያን ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠ። ሜይጁም አልጨቀጨቀችውም። የጠየቃትን አላመጣችም፤ ሊያመጣው የሚችለውን ልጅ ደግሞ ቀብራዋለች።

ቤቷ ገብታ መሠዊያው ፊት ቆመች። የባሏ አባቶች ስም የተጻፈበት ጽላት መሀል ላይ ነው። የአዌይ ዓመቱ ስላልሞላ ገና ከእነሱ ጋር አልተቀላቀለም፤ ጽላቱ ለብቻው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ስብርባሪውን ከፊቱ አስቀመጠችና «መለስኩልህ» አለችው። «አንተ ያልከኝ ግን እኔ ጋ አለ።»

አያቶች ያለ ፈቃዳቸው ከቦታቸው አይነሱም። መጀመሪያ እንጨቶቹ ይወረወራሉ፤ ሦስቴ አዎ ካሉ ብቻ ነው ጽላቱ የሚነካው። ይህን የማያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ የለም። ሜይጁ ሁለቱን እንጨቶች አንስታ በመዳፎቿ መሀል አጋጠመቻቸው። ልትወረውር ስትል እጇ ቆመ። ያን ቀን ደረሰህ ወይ ብላ ስትጠይቅ አዎ ብለዋት ነበር። የልጇ ድካም ሁሉ በአረቄ ሲደቅ እነዚህ እንጨቶች አዎ ብለው እሷን አስተኝተዋታል። ዛሬስ አይሆንም ቢሉ? ሽማግሌዎች ናቸው፤ ቦታቸውን ይወዳሉ። አይሆንም ካሉ ትቀመጣለች?

እንጨቶቹን ሳትወረውር ኪሷ ከተተቻቸው።

የገበያውን የቀርከሃ ቅርጫት አወጣች፤ ቀይ ጨርቁን አነጠፈችበት። የዕጣኑን ማስቀመጫ ከነአመዱ፣ የአባቶችን ጽላት፣ ከጎኑም የአዌይን አስቀመጠች። ከቤት ሳትወጣ ጥቁር ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ እነሱ ሲጓዙ ሰማይ አያያቸውም። ከዚያ ደጃፏ ላይ ሆና እስከ ላይኛው ፎቅ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች፦

«አባቶቼ፣ ደጃፉን እየተሻገርን ነው! አዌይ፣ ተከተለኝ፣ ደጃፉን እየተሻገርን ነው!»

በመጀመሪያ የሱዩን በር ተከፈተ። ሱዩን የተዘረጋውን ጃንጥላና ቅርጫቱን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሜይጁ አንድ እርምጃ ሄዳ ኮሪደሩን እየተሻገርን ነው ብላ ደግማ ጠራች። ከላይ በሮች ሲከፈቱ ይሰማል። ሰዎች በደረጃው መከለያ ላይ ተደፍተው ወደ ታች ያያሉ። የኦክስጂኑ ሽማግሌ ምራት ልጇን አቅፋ ወርዳ ደረጃው ላይ ቆማለች።

ጂያን ፕላስተሩን በእጁ እንደያዘ ወረደ። ሊቆጣ የመጣ ይመስል ነበር። የአዌይን ጽላት ሲያይ ግን ድምፁ ዝቅ አለ።

«ጠየቅሻቸው?» አላት።

ዝናቡ በጣም ይጮኻል። ሜይጁ በሟች ስም ዋሽታ አታውቅም፤ እናቷም ዋሽታ አታውቅም። ሙታን ይቅር የማይሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው ይባላል። ኪሷ ውስጥ እንጨቶቹ ጭኗን ይነካሉ። ልጁን ካቀፈችው ሴት ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

«ጠየቅኋቸው» አለች።

«ፈቀዱ?»

«ሦስቴ ጣልኩ። ሦስቴም ውጡ አሉኝ።»

ጂያን ቅርጫቱን አየ። ወደ ጀርባው በር፣ ደርቆ ወደዋለው ኮሪደር ተመለከተ። ፕላስተሩን ቀስ ብሎ የደረጃው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«ሱዩን» አለ ፊቱን ሳያዞር፣ «ለእኔም አባቶች ትርፍ ቅርጫት አለሽ?»